ያልሄድኩበት ለቅሶ

ቅናተኛ ነኝ። መጀመሪያ እሱን ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ከምትታዘቡኝ ራሴ ባምን ይሻላል። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በሀብታም አልቀናም። ባለ ትልቅ መኪና አቧራ አልብሶኝ ቢያልፍ "መንገዱን ያቅናለት" ብዬ ዝም ነው። እኔ የምቀናው በአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ እሷም ጓደኛዬ ናት። አቃቂ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ አንዷን ግድግዳ ለሁለት ቤት ተካፍለን ነው ያደግነው። ዛሬም የምንሠራው አንድ ፋብሪካ ነው።

የሁለታችንም አባቶች የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። ቤታችን ከሐዲዱ ብዙም ስለማይርቅ የድሬዳዋው ባቡር ጡሩምባውን ሲነፋ ሮጠን ወጥተን እጃችንን እናውለበልባለን። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አውለበለበችልን። "ለኔ ነው" አልኩ። "ለኔ ነው" አለች። እኔ ፀጉሯን ጨበጥኩ፣ እሷ ቀሚሴን ተረተረችው፤ እናቶቻችን ወጥተው ሁለታችንንም በአንድ አርጩሜ ገረፉን። ትንሽ ቆይታ እሷ ሁሉንም ረስታ "ነይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት" ብላ ጠራችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያቺ ፈረንጅ ያውለበለበችው ለኔ ነው።

አባዬ በሥራ ዘመኑ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ የጅቡቲ ሰው፣ ባቡር ነጂ። የሰውየው አማርኛ ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ አባዬም ከሱ ቋንቋ የሚያውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። ሆኖም ባቡሩ አቃቂ በቆመ ቁጥር አንድ ከረጢት ቴምር ከላይ ወርዶ አባዬ እጅ ይገባል፤ ከአባዬ ደግሞ በጠርሙስ ማር ይወጣል። ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳ አባዬ "የኔ ሰው" ሳይል አንስቶት አያውቅም። ቴምር ባየ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር። እኔም ከልጅነቴ የተመኘሁት ይህንኑ ነው፤ በሰው አገር "የኔ ሰው" የምለው፣ እሱም "የኔ ሰው" የሚለኝ አንድ ሰው። ወርቅ አልተመኘሁ፣ ባል እንኳ እንደዚያ አልተመኘሁም።

ትምህርቴን ገፍቼ ዲፕሎማ ያዝኩ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ነውም። ጓደኛዬ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ቃሊቲ አንድ የካልሲ ፋብሪካ ገባች። እኔ እዚያው ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስቀጠር እሷ ማሽን ላይ አሥር ዓመት ሞልቷት ነበር። መርፌ ሊሰበር ሲል ገና ከድምፁ ታውቃለች፤ ከወዲያኛው ጥግ ሮጣ መጥታ ማሽኑን ታጠፋዋለች። በወረቀት አለቃዋ ነኝ። ማሽን ሲቆም ግን ሠራተኛው የሚጠራው እኔን አይደለም፤ ይሄም ራሱ ያንገበግበኝ ነበር።

ፋብሪካው ከቱርክ አዳዲስ የካልሲ ማሽኖች ሲገዛ ሁለት ሰው ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ቡርሳ ወደምትባለው ከተማ እንዲሄድ ተወሰነ። አንዷ ቋንቋ የምታውቅ፣ አንዷ ማሽን የምታውቅ። ማን ማን እንደሆንን መናገር አያስፈልገኝም። ልሄድ ስል አባዬ ደጃፉ ላይ ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቴን ስቦ ሳመኝና "ጫማም ሽቶም አታምጪልኝ። ሰው አውቀሽ ነይ" አለኝ።

እኔም ነገሬ ብዬ ተዘጋጀሁ። ደብተር ገዛሁ። ውጭ አገር ስለሚደረገውና ስለማይደረገው በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ጻፍኩ፤ ሳይጠሩ ሰው ቤት አይኬድም፣ ሰው አይነካም፣ ስለ ዕድሜና ስለ ቤተሰብ አይነዘነዝም። ቪዲዮዎቹ ስለ ቱርክ ይሁኑ ስለ ስዊድን ልብ አላልኩም፤ ለኔ ፈረንጅ ሁሉ ፈረንጅ ነበር። አውሮፕላን ላይ ደብተሩን ለጓደኛዬ ሳነብላት ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ብሏል። የራሷ ጉዳይ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

አሰልጣኛችን ሃምሳ የተጠጋች ሴት ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ። መጀመሪያ ቀን ስታገኘን እጇ እስከ አንጓዋ ግሪስ ነክቶታል። እኔ ሳጠናው የመጣሁትን ሰላምታ አሰማምሬ እጄን ዘረጋሁላት። እሷ መዳፏን አየት አድርጋ ፈገግ አለችና ክንዷን አነሳች። "ምን ላድርግ" እያልኩ ስደናበር ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥታ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችው፤ ልክ አቃቂ ጋራዥ ውስጥ እጁ የቆሸሸ መካኒክ ሰላም እንደምንለው። ሴትዮዋ በሳቅ ፈነዳች። እኔም እኮ አውቀዋለሁ፤ ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ግን ደብተሬ ውስጥ አልነበረም። የዘረጋሁት እጄ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። እኔ "ማዳም" እላታለሁ፤ ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ "እትዬ" አለቻት፣ ሴትዮዋም ምን ማለት እንደሆነ ሳትጠይቅ "እትዬ" ሲሏት ዞር ማለት ለመደች። ጣቷን ብረት ሲቆነጥጣት ጓደኛዬ "እኔን!" ብላ እጇን ቀምታ እፍ እፍ ትላለች። የነቢያት ጾም ነበርና ሥጋ እንደማንበላ እኔ በጥሩ እንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ በነጋታው ሴትዮዋ የባቄላ ወጥ በሳህን ሸፍና አምጥታ የሰጠችው ለማን ነው? ለሷ። "ተካፈሉ" ማለቷ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሳህኑን እጇ ላይ ነው ያስቀመጠችው።

አንድ ነገር ግን በእጄ ነበር፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ስብርባሪ እንግሊዝኛ አለቻት፤ ሁለቱ ያለኔ አፍ የላቸውም። ይህንን እንዴት እንደተጠቀምኩበት ስናገር ፊቴን ያቃጥለኛል። አንድ ቀን ጓደኛዬ አሰልጣኟ ራሷ ግማሽ ቀን የታገለችውን ማሽን ጆሮዋን አስጠግታ አዳምጣ፣ አንዲት ብሎን አላልታ አስነሳችው። ሴትዮዋ ትከሻዋን ይዛ "ይህ እጅ ወርቅ ነው፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፣ ንገሪያት" አለችኝ። ጓደኛዬ ምን አለችኝ ብላ በጉጉት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "ደህና ነው ትልሻለች" አልኳት። "ደህና ነው?" አለች። "አዎ፣ ደህና ነው።" ቅር አላት፤ ደግሞ ወዲያው "ደህና ከሆነ ደህና ነው" ብላ እጇን ጠረገች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የአሰልጣኟ እናት ታመው ነበር። ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት "እናትዎ እንዴት አደሩ በዪልኝ" ትለኛለች። ሁለት ሦስት ቀን ተረጎምኩላት፤ ከዚያ "ስለ ቤተሰብ አይነዘነዝም፣ ነውር ነው" ብዬ ተውኩት። እሷ ምን ገዷት። ራሷ ሴትዮዋ ፊት ቆማ እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ እንደሚጠባ ልጅ ታሳያለች፣ እናት ማለቷ ነው፤ ከዚያ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኝታ በቅንድቧ ትጠይቃለች። ሴትዮዋም በእጇ ትመልስላታለች፤ ዛሬ ትንሽ በልታለች፣ ዛሬ ከፍቷታል። እኔ ቆሜ አያለሁ። ዲፕሎማዬ ምን ያደርግልኛል?

አራተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት አሰልጣኟ ቀረች። የቢሮ ሠራተኛዋ መጥታ እናቷ ማረፋቸውን፣ በዚያው ቀን እንደሚቀበሩ ነገረችኝ። ቀጠል አድርጋ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው በፋብሪካው ሰርቪስ ለቅሶ ስለሚሄድ እኛም ከፈለግን ቦታ አለ አለች።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እናመሰግናለን፣ ቤተሰቡን ማስቸገር አንፈልግም" አልኩ። ለሁለታችንም።

ደብተሩ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል እችል ነበር። ውሸት ነው። እዚያው ቆሜ ለቅሶ ቤቱን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ጓደኛዬ ገብታ እንደምታቅፋት፣ ሁለቱ ተያይዘው እንደሚንሰቀሰቁ፣ እኔ በር አጠገብ ቦርሳዬን ይዤ እንደምቆም። ለቅሶ ላይ ማን ይችላታል? ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ሴትዮዋ የሷ እንደምትሆን፣ ለኔ የሚተርፍ እንደሌለ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እኔ ስድስት ሳምንት የመጣሁት አንድ ሰው ላገኝ ነው። እሱንም ልትወስድብኝ ነው።

ለጓደኛዬ ስነግራት ጨርቁን ከእጇ ጥላ ደረቷን መታች፤ እንባዋ መጣ። ከዚያ የጠየቀችኝ "እንሂድ ወይ" ብላ አይደለም፤ "ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" ነው ያለችኝ።

"ቤተሰብ ብቻ ነው አሉ" አልኳት።

"ለቅሶ ተጠርቶ ነው እንዴ የሚኬደው?"

"እዚህ እንደዚያ ነው።"

ጨርቁን ከመሬት አንስታ ወደ ማሽኑ ዞረች። እኔ ማረፊያችን ገብቼ ለሴትዮዋ በስልክ የሐዘን መግለጫ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ፣ ሰዋስዉን አስተካክዬ፣ እኔን ራሴን የሚያስለቅስ አድርጌ ላኩት። "አመሰግናለሁ" የሚል አንድ ቃል ተመለሰልኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ጠፋች። ጓዳ፣ መጸዳጃ፣ ግቢ ብፈልግ የለችም። ከማረፊያችን ጥቁር ቀሚሷና ነጠላዋ የሉም። ለፋብሪካው ሠራተኛ ሻይ የሚያዞሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለሳቸው በእጇ እንባ አሳይታ፣ መሬት አሳይታ፣ ወደ በሩ አመልክታ ይዘዋት ሄዱ። በሕዝብ አውቶቡስ። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ግን ወዴት እንደሄደች ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እርር ድብን አልኩ።

ሊመሻሽ ሲል ተመለሰች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር የሄደችው፤ እንደዚያው ሆና ገባች። ዓይኗ አብጧል። ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። በሩ ላይ የጫማ ክምር እንደነበረ፣ የማን ጫማ የማን እንደሆነ እንደማይለይ። ሴቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው እንደነበር፣ እሷም ከእትዬ አጠገብ ተቀምጣ እንደኛ አገር ምንም ሳትናገር እንደቆየች። ለሟቿ ነፍስ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ ጣፋጭ ይሠራሉ፤ በትልቅ ድስት ተጥዶ እያንዳንዷ ሴት ተራ በተራ ታማስላለች፤ ተራው ሲደርሳት ማማሰያውን ሰጧት፣ እንደ ገንፎ አገላበጠችው፤ ከሴቶቹ አንዷ ክንዷን ዳብሳ የሆነ ነገር ስትል ሁሉም፣ እትዬም ጭምር፣ በእንባቸው መሃል ሳቁ።

"የፋብሪካው ሰው ሁሉ በሰርቪስ መጥቶ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ያቺ የቢሮዋ ልጅም ነበረች።"

አሁን ትሰድበኛለች፣ አሁን ታፈርጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከነጠላዋ ጫፍ አንድ የተጠቀለለ ሶፍት ፈትታ ከዚያ ጣፋጭ ቆንጠር ያለች አወጣች። "ላንቺ የላኩት ነው። ብዪው።"

"ቅቤ አለው፤ ጾም ነው" አልኳት።

"የሐዘን ቤት ነው፣ እግዜር ይረዳኛል ብዬ እኔ ቀምሻለሁ" አለችና ጠቅልላ ራስጌዬ አስቀመጠችው። እስከ መጨረሻው አልነካሁትም። ሽታው ግን ያን ሁሉ ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበር።

አሰልጣኟ ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች። ጓደኛዬን አቅፋ ሳመቻት፤ እሱን ጠብቄዋለሁ። ከዚያ ግን ወደኔ መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ እናት። ትንሽ አቆየችውና ፈገግ ብላ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጓደኛዬን እንደዚያ ነክታት አታውቅም! ለካ መልእክቴ ልቧ ገብቷል፤ ለካ ጽሑፍም ቦታ አለው አልኩ። ደብተሬ ላይ "ግንባር መንካት፦ የቱርኮች የክብር ሰላምታ" ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

ልንመለስ ስንል አሰልጣኟ ለጓደኛዬ የሟች እናቷን ሻሽ ሰጠቻት። ለኔ እስክሪብቶ።

አባዬ ደጃፉ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "እህስ፣ ሰው አወቅሽ?" አለኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? የአባዬን ዓይን ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር። "አዎ አባዬ" አልኩ። "ማን?" አለ። "አሰልጣኛችን። እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ሄጄላት ነበር።" ከዚያ ወዲያ አፌ ራሱ ሄደ፤ የጫማው ክምር፣ የሴቶቹ ክፍል፣ ድስቱ፣ ማማሰያው፣ "እንደ ገንፎ አገላበጥኩት" ሁሉ። ግንባሬን መንካቷንም ጨመርኩ፤ እሱ እንኳ እውነት ነበር። አባዬ መዳፉን መዳፉ ላይ መታና "በቃ፣ ይኸው ነው ሰው ማወቅ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልነገረው ሰው የለም፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ የእድሩ ሰዎች፣ የነፍስ አባቱ፣ በሳሪስ ታክሲ ውስጥ አብሮት የተቀመጠ የማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል። ጓደኛዬ ያኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከግቢያችን ወጥታ ስለነበር አይደርሳትም ብዬ ተጽናናሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ጓደኛዬና አሰልጣኟ በየሳምንቱ በስልክ እየተያዩ ያወራሉ። ጓደኛዬ በዚያው ቱርክኛ ለቃቀመች፤ የእረፍት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፋ እጇን እያወራጨች ትንጣጣለች። "ሰላም ብለሻል" ትለኛለች ስልኩን ስትዘጋ። እኔ የምጽፈው የበዓል መልካም ምኞት ነው። አንድ ቃል ይመለሳል።

ከዚያ ፋብሪካው ሌላ ዙር ማሽን ሲያስገባ የሚተክሉት ሰዎች ከቱርክ መጡ፤ ከነሱም መሃል አሰልጣኟ ነበረች። በመጣች በሦስተኛው ቀን አባዬ አረፈ። ክረምቱን ሁሉ ታሞ ነበር።

ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ። ጓደኛዬ ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ ማልቀሱን አልቅሳ ስታበቃ ሽርጥ አስራ ጓዳ ገባች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስተናግድ አንድ ጊዜ ቁጭ ስትል አላየኋትም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣ ብላ አሰልጣኟን ይዛት መጣች። ሴትዮዋ ያንን ሰፊ ትከሻዋን በነጠላ ሸፍናለች፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል። ማን እንዳለበሳት ግልጽ ነው። መጥታ አቀፈችኝ፣ ከአጠገቤ ተቀመጠች፣ ምንም አልተናገረችም። እንደኛ ሰው።

ድንኳኑ ውስጥ የእድራችን ዳኛ ተቀምጠው ነበር፤ የአባዬ የባቡር ባልደረባ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ድምፃቸው ከፍ ያለ ሽማግሌ። ሴትዮዋን ትክ ብለው አዩና "ይቺ ናት እንዴ?" አሉኝ።

"ማን አባባ?"

"ያቺ ቱርኳ ናታ። አባትሽ እኮ ይህን ነገር ያልነገረው ሰው የለም። 'ልጄ ባዕድ አገር ሄዳ የሰው እናት አልቅሳ ቀበረች፣ የለቅሶውን ድስት አማሰለች' እያለ እየኮራ ነው የሞተው። በይ ንገሪያት። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር በያት፤ እሷም ትወቀው።"

ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ጓደኛዬ የሻይ ትሪ ይዛ መሃል ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ሴትዮዋ ምን እንዳሉ እንድነግራት ፊቴን ታያለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኛ። ለቅሶ ቤቷ ያልረገጥኩትን ሴት፣ ለቅሶሽ ላይ ነበርኩ ልላት ነው፤ ያውም የሄደችው ቆማ እያየች፣ የአባዬ ስም ተጠርቶ። አፌን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አላዋጣ አለኝ።

ጓደኛዬ ትሪውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። በቱርክኛዋ አራት አምስት ቃል ለሴትዮዋ ተናገረች፤ አልገባኝም። ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። መዳፏን የራሷ ግንባር ላይ አደረገች፣ ከዚያ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስተኛች፣ ከዚያ ጣቷን ከዓይኗ ጀምራ እስከ አገጯ ቀስ አድርጋ አወረደች። በመጨረሻም እጇን ልቧ ላይ አሳርፋ ለሽማግሌው ጎንበስ አለችላቸው።

"አያችሁ" አሉ ዳኛው ለሰዉ። "አልረሳችውም።"

እኔ ግን ገና ግራ እንደተጋባሁ ነኝ። ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በዚያ ስብርባሪ እንግሊዝኛዋ ነገረችኝ። "አባትሽ ለእናቴ ስላለቀስሽ ይኮሩብሽ ነበር ብላ ጓደኛሽ አሁን ነገረችኝ። የዚያን ቀን ደግሞ እንዲህ አድርጋ አሳይታኛለች። በትኩሳት አልጋ ላይ ወድቀሽ፣ መምጣት አቅቶሽ እያለቀስሽልኝ እንደነበር። እኔም ያንን ጣፋጭ የላኩልሽ እንዲሻልሽ ነው።"

ግንባሬ። ያ ደብተሬ ላይ አስምሬ የጻፍኩት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄ እንኳ የኔ ነው ያልኩት፣ ለአባዬ ከነገርኩት ሁሉ እውነት የነበረው አንድ ነገር፤ ትኩሳቴ ለቆኝ እንደሆነ ልታይ ነበር የነካችኝ። እሱንም የሰጠችኝ ጓደኛዬ ናት። ያውም በዋሸኋት ማግስት፣ በሰው አገር፣ ያለ ቋንቋ፣ እዚያ የጫማ ክምር ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ገብታ።

ማመስገን ነበረብኝ፤ የተሰማኝ ግን ምስጋና አይደለም። እንደዚያ መሆን የምችለው እኔ በሆንኩ ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። አባቴ ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የቀናሁት፣ በሕይወቴ ቀንቼ የማላውቀውን ያህል ነው።

ተነስቼ ተከትያት ጓዳ ገባሁ። ስኒ እያለቀለቀች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

"የዚያን ቀን እኮ ጠርተውን ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። ስኒውን ገልብጣ ጨርቁ ላይ ደፋችው። "ሂጂ ተቀመጪ፣ ሰው እየገባ ነው።"

ተመልሼ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቴ ምን መስሎ እንደታያት እንጃ፤ ጠጋ ብላ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። ትኩሳት የለብኝም። ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ትሪውን በስኒ ሞልታ ጎንበስ ብላ ወደ ድንኳኑ ስትገባ አየኋት፤ አሁንም ቀናሁባት።